እጥበት ላይ ላለ ሰው መርፌው ለምኑ ነው? ስለ ኩላሊት የሚወሩ ነገሮችና እውነታው

አዳማ ውስጥ እጥበት ላይ ያለ ዘመድ ያለው ሰው ምክር አይቸግረውም። ባጃጅ ውስጥ፣ ጁስ ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሁሉም የሚለው ነገር አለው። በብዛት የምሰማቸውን ላንሳ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ማሽኑ የኩላሊትን ሥራ በሙሉ ይሠራል፤ መርፌው ብር ለማስወጣት ነው»

ማሽኑ ቆሻሻውንና ትርፍ ውሃውን ከደም ያወጣል። ኩላሊት ግን ሆርሞንም ያመርታል። አንዱ ኤሪትሮፖይቲን ነው፤ መቅኔ ቀይ የደም ሴል እንዲሠራ ያዘዋል። እሱ ሲጎድል ደም ይወርዳል። ሰውዬው በሳምንት ሦስቴ ታጥቦም ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። መርፌው የሚተካው ይህንኑ የጎደለ ሆርሞን ነው።

ይህን ያወቅነው በአይጥ ነው። በ1957 ቺካጎ ውስጥ ተመራማሪው ጃኮብሰንና ባልደረቦቹ ሆርሞኑ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ የአይጦችን የአካል ክፍሎች በየተራ እያወጡ ሞከሩ። ኩላሊታቸው የወጣባቸው አይጦች ደም ሲጎድልባቸው ሆርሞኑን ማምረት አቃታቸው። ግን ያዳከማቸው በደማቸው የተጠራቀመው ቆሻሻ ቢሆንስ? ለዚህ የሌሎች አይጦችን ኩላሊት ሳይነኩ ሽንት የሚያወርዱትን ቱቦዎች ብቻ አሰሩ። ቆሻሻው እነሱም ላይ ተጠራቀመ፤ ሆርሞኑ ግን አልቀረም። ማጣራትና ሆርሞን ማምረት ለየቅል ናቸው ማለት ነው። ለእኔ በኩላሊት ምርምር ይህን የሚያህል ብልህ ሙከራ ጥቂት ነው።

«መርፌው ከእንስሳ ደም የሚወጣ ነው»

አይደለም። የሰው ጂን የገባባቸው የሃምስተር ሴሎች ላብራቶሪ ውስጥ ያመርቱታል። ሃምስተር አይጥ መሰል እንስሳ ናት። የሃይማኖት ጥያቄ ካለ የሚነሳው ይልቅ ሄፓሪን ላይ ነው፤ ደም ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ የሚሰጠው። አብዛኛው የሚዘጋጀው ከአሳማ አንጀት ነው። ይህን ደፍሮ የሚናገር ብዙ የለም፤ ሰው ግን ማወቅ አለበት። ያሳሰበው ሰው እጥበቱን በራሱ ጊዜ አያቋርጥ፤ ሐኪሙንም የሃይማኖት አባቱንም ያማክር። አስፈላጊ ሲሆን ያለ ሄፓሪን የሚደረግ እጥበትም አለ።

«እጥበት የትናንት ነገር ነው»

በ1913 አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ ተመራማሪው ጆን አቤልና ባልደረቦቹ የውሾችን ደም በቱቦ እያሳለፉ አጥበዋል። ደሙ እንዳይረጋ የተጠቀሙት ከአልቅት የወጣ ንጥረ ነገር ነበር። አዎ፣ ከብት ውሃ ሲጠጣ የሚጣበቅበት የአልቅት ዘመድ።

«ደም በጨመረ ቁጥር ጥሩ ነው፤ አይጥ ላይ የሠራ ሰው ላይም ይሠራል»

ተመራማሪዎች የኩላሊት ድክመትን ለማጥናት ብዙ ጊዜ አንዱን የአይጥ ኩላሊት አውጥተው የሌላውን ሁለት ሦስተኛ ያጠፋሉ። ግን አይጧ ወጣት ናት፤ ስኳር የለባት፣ ሲጋራ አታውቅ። የእኛ ታካሚ ደግሞ ከስኳርና ከግፊት ጋር ለዓመታት ሲታገል የቆየ ነው። በ2009 የወጣ ትልቅ ጥናት ስኳር ያለባቸውንና ገና እጥበት ያልጀመሩ ሕሙማንን ተከታተለ። ሄሞግሎቢናቸው (የደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር) በመርፌ ወደ 13 እንዲደርስ የተሞከረላቸው ላይ ስትሮክ በእጥፍ ገደማ ጨመረ። ስለዚህ ሐኪሙ ሄሞግሎቢን 11 ተኩል ሲያልፍ የመርፌውን መጠን ቢቀንስ፣ «ገና አልሞላም፣ ጨምሩለት» ብሎ መጨቃጨቅ አያዋጣም።