«967 ሜትር ምን አላት?» ስለ ስኮትላንድ ሩቅ ተራራ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

በየዓመቱ መጋቢት አልፎ የስኮትላንድ ቀን መርዘም ሲጀምር፣ በግላስጎና በለንደን የሚኖሩ ወገኖች እየደወሉ ወደ አ ቫይቸን እንድወስዳቸው ይጠይቁኛል። አ ቫይቸን በሰሜን ምዕራብ ስኮትላንድ፣ ፊሸርፊልድ በሚባለው ሰው በማይኖርበት ምድር መካከል የምትገኝ ተራራ ስትሆን፣ ስሟ በጌሊክ ቋንቋ «ልጃገረዲቱ» ማለት ነው። ከ3,000 ጫማ በላይ ከፍታ ካላቸውና «መንሮ» ከሚባሉት 282 የአገሪቱ ተራሮች መካከል ከመኪና መንገድ እጅግ የራቀችው እርሷ እንደሆነች በተራራ ወጪዎች ዘንድ ይነገራል። ጥያቄው ደስ ያሰኘኛል፤ የሚያደክመኝ ከጥያቄው ጋር ተያይዞ የሚመጣው እርግጠኝነት ነው።

«967 ሜትር ምን አላት? እኛ እኮ የደጋ ልጆች ነን።» ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። ሒሳቡ በእርግጥ ያሳስታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ራስ ዳሽን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ናቸው፤ ድሬዳዋ እንኳ ከአ ቫይቸን ጫፍ ትበልጣለች። ነገር ግን ከፍታ የሚነግረን የአየሩን መሳሳት ብቻ ነው፤ በስኮትላንድ ደግሞ ትንፋሽ አጥሮት የተመለሰ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እዚያ ሰው የሚሸነፈው በንፋስ፣ በእርጥበትና በርቀት ነው። ጉዞው የሚጀመረው ከባሕር ዳርቻ ስለሆነ 967ቱም ሜትር በእግር ይወጣል፤ ኬክሮሱ ወደ 58 ዲግሪ የተጠጋ በመሆኑም በእኛ አገር ቆላ በሚባል ከፍታ ላይ በግንቦት በረዶ ሊወርድ ይችላል። የንፋሱን ነገር ለሚጠራጠር አንድ ቁጥር ልስጥ፦ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 20 ቀን 1986፣ ከአዲስ አበባ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ በሚለው የስኮትላንዱ ኬርንጎርም ተራራ ጫፍ ላይ በሰዓት 173 ማይል፣ ማለትም 278 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚከንፍ ንፋስ ተመዝግቧል።

ራስ ዳሽንን የወጣ አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ነግሬው ስቆብኛል። በግንቦት አጋማሽ አብረን ስንወጣ የለበሰው የጥጥ ካናቴራና ጂንስ ነበር፤ «ቢበርደኝ» ብሎም ጋቢ በቦርሳው ይዟል። በረዶ አልወረደም፤ የአየሩ ሙቀትም ከዜሮ በላይ ስድስት ወይም ሰባት ዲግሪ ነበር። ሦስት ሰዓት ያህል ካፊያ ወረደብን፤ ከዚያ ሸንተረሩ ላይ ስንደርስ ንፋሱ ተቀበለን። ወዳጄ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ዝም አለ፤ በመጨረሻም የጃኬቱን ዚፕ መዝጋት አቅቶት ንግግሩ መኮላተፍ ጀመረ። ይህ ድካም አይደለም፤ የሰውነት ሙቀት መውረድ ነው፤ ሰውን ለመግደልም በረዶ አያስፈልገውም። የረጠበ ጥጥ የሰውነትን ሙቀት ይመጥጣል እንጂ አያሞቅም። ጋቢውም ውሃ ጠጥቶ ከቦርሳው ሁሉ የከበደ ሸክም ሆነበት። (ጋቢን አልንቅም፤ እቤት ስደርስ የምለብሰው እርሱን ነው።) ደረቅ የሱፍ ልብስ አልብሼው፣ ጣፋጭ አብልቼው፣ ጫፉን ሳናይ ተመለስን። ስለዚህ ከሥር ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ተጨማሪ ደረቅ ሹራብ፣ ኮፍያና ጓንት በሐምሌም ቢሆን መያዝ አለበት።

ከሰሜን ተራሮች ጋር የሚደረገው ንጽጽር ሌላም ጉድለት አለበት። በሰሜን መንገድ የሚያሳይ ስካውት አለ፤ ጓዝ የሚሸከም በቅሎ አለ፤ ብዙ ሰው የሚሄደውም በበጋው ደረቅ ወራት ነው። በፊሸርፊልድ ጓዙን የሚሸከመው ትከሻዎ ነው፤ መሪዎም በእጅዎ ያለው ካርታ ነው።

«በአንድ ቀን ደርሰን እንመለሳለን» የሚለውም ከዚሁ ንቀት የሚወለድ ነው። ከፑልዩ መንደር ተነስቶ አ ቫይቸን ደርሶ መመለስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኔስሚዝ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ባወጣው ደንብ ስናሰላው፣ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ100 ሜትር አቀበቱም ተጨማሪ 10 ደቂቃ ይያዛል፤ ይህም ያለ ምሳና ያለ ዕረፍት ወደ አሥር ሰዓት ይጠጋል። ደንቡ የወጣው ግን ለብርቱ እግረኛ ነው፤ ረግረጉንም አይቆጥርም። በሰኔ ብርሃኑ ይበቃል፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ግን ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ወጥታ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። አብዛኛው ሰው ጉዞውን ለሁለት ቀን የሚከፍለው በዚህ ምክንያት ነው።

«ወንዙ በካርታው ላይ ቀጭን መስመር ነው» የሚሉኝም አሉ። ሰማያዊዋን መስመር የሚንቅ ሰው የክረምትን ደራሽ ውሃ ረስቷል ማለት ነው። ከሰሜን በኩል፣ ሼናቫል በሚባለው የመንገደኞች ማደሪያ ቤት አድርጎ ወደ እነዚህ ተራሮች የሚሄድ ሰው ድልድይ የሌላቸውን ሁለት ወንዞች በእግሩ መሻገር አለበት። አንድ ጊዜ ምሽት ላይ ከጉልበቴ በታች በሆነ ጥርት ያለ ውሃ ተሻግሬ ድንኳኔን ከማዶ ተከልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፤ ጠዋት ያገኘሁት ቡናማ፣ ድንጋይ ሲያንከባልል ድምፁ የሚሰማ ሙላት ነበር። ምግቤ ለአንድ ቀን ብቻ የተሰፈረ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ብስኩት እየቆጠርኩ የማዶውን ቤት ሳይ ዋልኩ፤ በማግስቱ ጠዋት ውሃው ጎድሎ ተሻገርኩ። እነዚያ ወንዞች እንደሞሉት ሁሉ ፈጥነው ይጎድላሉ፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው ግን ይህን ለማየት አይቆይም። ከጉልበት በላይ የሆነና የሚገፋ ውሃ ውስጥ አይገባም። ትንበያው ከባድ ዝናብ የሚል ከሆነ በፑልዩ በኩል የሚሄደውን መንገድ መምረጥ ይሻላል፤ እርሱ ሁለቱን ወንዞች አይነካም፤ ፊዮን ሎክ የተባለውንም ሐይቅ በድንጋይ በተሠራ መሻገሪያ ያልፋል።

የቀሩትን በአጭሩ ላንሳ። «መሬቱ የባለርስት ስለሆነ ያስሩናል» ለሚሉ፦ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የስኮትላንድ የመሬት ሕግ በኃላፊነት ስሜት ለሚንቀሳቀስ ሰው በእግር የመሄድና በድንኳን የማደር መብት ሰጥቷል፤ ሆኖም በመጸው የአጋዘን አደን ስለሚካሄድ አስቀድሞ መጠየቅ ጨዋነት ነው። «ቦቲ አለ፤ እዚያ እንበላለን» ለሚሉ፦ ሼናቫልን የመሰለው ቦቲ ያልተቆለፈ ባዶ የድንጋይ ቤት እንጂ ሆቴል አይደለም፤ መብራትም ቧንቧም አስተናጋጅም የለውም፤ ከሞላም ድንኳን የሌለው ሰው ውጭ ያድራል። «ብርድ አገር ትንኝ የለም» ላለኝ ሰው በሐምሌ አንድ ነፋስ አልባ ምሽት መልስ ሰጥቶታል። መዥገርም አለ፤ «ላይም» የተባለውን በሽታ ስለሚያስተላልፍ ማታ ማታ ገላን መፈተሽ ይገባል።

«ስልኬ መንገዱን ያሳየኛል።» ኔትወርክ የለም፤ ብርዱ ባትሪ ይጨርሳል፤ የረጠበ ጣትም ስክሪኑን አያዝም። የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ይያዙ፤ ከመሄድዎ በፊትም አጠቃቀሙን ጭጋግ በሌለበት ኮረብታ ላይ ይለማመዱ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን «ነፍስ አድን ሠራተኞቹን ከጠራን ሂሳቡን አንችለውም» የሚለው ነው፤ ሰዎችን ከመደወል ስለሚያዘገይ። የስኮትላንድ የተራራ ነፍስ አድን ቡድኖች በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ለመዳንዎ አንዲት ሳንቲም አያስከፍሉም። ወደ 999 ደውሎ ፖሊስን፣ ቀጥሎም የተራራ ነፍስ አድንን መጠየቅ ነው። ስልክዎን አስቀድመው ካስመዘገቡ ወደ 999 በአጭር የጽሑፍ መልእክትም መጥራት ይቻላል። ስልክ በማይሠራበት ስፍራ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ፊሽካ ይነፋል፤ አንድ ደቂቃ ታርፎም ይደገማል። ይሁን እንጂ ደመና ሲወርድ ሄሊኮፕተር ላይደርስ ስለሚችል፣ ሰዎቹ እኛ የተጓዝነውን ያንኑ መንገድ በእግራቸው ይመጣሉ፤ ይህም ብዙ ሰዓት ይወስዳል።

ፍለጋው የሚጀምረው ደግሞ መጥፋትዎን የሚያውቅ ሰው ካለ ነው። የሚሄዱበትን መንገድ፣ የሚያድሩበትን ስፍራና «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩ ለፖሊስ ንገሩ» የሚል የቁርጥ ሰዓት ለቤተሰብ ጽፈው ይተዉ፤ ሲመለሱም ይደውሉ። ባለ ጋቢው ወዳጄ ባለፈው ዓመት ብቻውን ሄዶ በሰላም ወረደ፤ መደወሉን ግን ረስቶ መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው። የቁርጡ ሰዓት ሊሞላ አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ እኔ ስልኩን በእጄ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ደወለ።