ባለቀለም ዲጂታል ፎቶግራፍን ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየር

ባለቀለም ዲጂታል ፎቶግራፍ ወደ ጥቁርና ነጭ ሲቀየር ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ማንኛውም ቀለም የራሱ ግራጫ ሊሰጠው ይገባል። የትኛው እንደሚጠቁርና የትኛው እንደሚነጣ የሚወስነው ፎቶ አንሺው ነው፤ እርሱ ካልወሰነ ኮምፒውተሩ ይወስንለታል። አብዛኛው ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚያልፈው ይህንን ውሳኔ ነው።

የካሜራ ሴንሰር የሚለካው የብርሃንን መጠን እንጂ ቀለምን አይደለም። ቀለም የሚገኘው በላዩ ከተደረደሩት ጥቃቅን ማጣሪያዎች ሲሆን፣ የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት ባገኘበት አደራደር ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩባቸው ቀይ፣ ሩባቸው ሰማያዊ ናቸው። ጄፔግ በሚባለው የተለመደ የፎቶ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ ነጥብ ለሦስቱ ቀለማት ከ0 እስከ 255 የሚደርሱ ሦስት ቁጥሮች ይይዛል። ሦስቱ አንድ ቁጥር ሲሆኑ ግራጫ ይወጣል።

ዋናው ጉዳይ አንድ የሚሆኑበት ሚዛን ነው። ከቴሌቪዥን የተወረሰ አንድ የታወቀ ቀመር የሰው ዓይን ለአረንጓዴ ይበልጥ ንቁ መሆኑን ተከትሎ ለአረንጓዴ 0.587፣ ለቀይ 0.299፣ ለሰማያዊ 0.114 ክብደት ይሰጣል። በዚህ ስሌት ንጹሕ አረንጓዴ 150፣ ቀይ 76፣ ሰማያዊ ደግሞ 29 ይሆናል። የቀለም ሙሌትን፣ ማለትም የቀለሙን ጥንካሬ፣ ወደ ዜሮ የሚያወርደው የተለመደ ትእዛዝ ግን ብዙ ጊዜ ከሦስቱ ቁጥሮች የትልቁንና የትንሹን አማካይ ስለሚወስድ ሦስቱንም አንድ ዓይነት ግራጫ ያደርጋቸዋል። ፎቶው የደበዘዘ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

የተሻለው ቀመርም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ በዚህ ስሌት ሲቀየር ቢጫው ደምቆ ይወጣል፤ አረንጓዴውና ቀዩ ግን ተቀራራቢ ጥቁር ግራጫ ሆነው ለመለየት ያስቸግራሉ። ለዓይን እጅግ የተራራቁ ቀለማት በብርሃን መጠን ጎረቤታሞች ሊሆኑ ይችላሉ።

ስለዚህ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ቀለማቱን ለየብቻ ይነካሉ። የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሙ ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ሲኤስ3 እትሙ ስድስት የቀለም ማስተካከያዎችን በአንድ ሰሌዳ አቅርቧል፤ ነፃው ጂምፕም ሦስቱን ቀለማት በተፈለገው መጠን ያደባልቃል። ሐሳቡ ከፊልም ዘመን የመጣ ነው። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1927 በአገሩ በዮሰሚቲ የሚገኘውን የሃፍ ዶም ገደል ሲያነሳ ሌንሱ ላይ ቀይ ማጣሪያ አድርጎ ሰማዩን ወደ ጥቁርነት አቀረበው። ዛሬ ሰማያዊውን ዝቅ ማድረግ ተመሳሳይ ውጤት ያመጣል፤ ሲበዛ ግን በሰማዩ ላይ ሻካራ ነጠብጣብ፣ በተራራው ጠርዝ ላይም ነጭ መስመር ይታያል።

ለእኛ አገር ፎቶ አንሺ ከሁሉ የሚጠቅመው የፊት ጉዳይ ነው። የሰው ቆዳ ጠይምም ሆነ ቀይ ዳማ መሠረቱ ብርቱካናማ ስለሆነ ቀይና ብርቱካናማውን ከፍ ማድረግ ነጩን ነጠላ ከልክ በላይ ሳያነጣ ፊቱን ብቻ ያበራል። ሙሉውን ፎቶ ማብራት ግን ጥለቱን ያጠፋል። በተቃራኒው ዝቅ ሲደረጉ የሽማግሌ ፊት መጨማደድ ጎልቶ ይወጣል፤ ለወጣት ሙሽራ ግን አይመከርም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ቀለሙ ካለ ነው። ካሜራውን በጥቁርና ነጭ አድርጎ በጄፔግ ብቻ ያነሳ ሰው ቀለሙን አያገኘውም፤ ራው በሚባለው ጥሬ ፋይል ያነሳው ግን ፋይሉ ባለ 14 ቢት ከሆነ 16,384 የብርሃን ደረጃዎች ከነቀለማቸው ይቀመጡለታል። የካሜራ አምራቹ ላይካ እ.ኤ.አ. በ2012 ያቀረበው ኤም ሞኖክሮም የተባለ ካሜራ ደግሞ የቀለም ማጣሪያ የሌለው ሴንሰር ስላለው ምስሉ ይበልጥ የጠራ ነው፤ ነገር ግን ሰማይ ማጥቆር የፈለገ ሰው እንደ ድሮው ቢጫውን ወይም ቀዩን ማጣሪያ ከማንሳቱ በፊት ሌንሱ ላይ መግጠም ይኖርበታል።