የወሰን ንብርብር መምጠጥ ምንድን ነው?

ወደ ኋላ ባዘነበለ የአውሮፕላን ክንፍ ላይ የወሰን ንብርብርን፣ ማለትም ከክንፉ ገጽ አጠገብ በሰበቃ የዘገየውን ስስ የአየር ሽፋን፣ በገጹ ላይ ባሉ ጥቃቅን ክፍተቶች ስለመምጠጥ ሲነሳ፣ «ፓምፑ በክንፉ ላይ የተጣበቀውን አየር ጠርጎ ስለሚወስደው ሰበቃ ይቀራል» የሚል ማብራሪያ አሁንም አሁንም ይደገማል። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ብዙ በመጠጥን ቁጥር ብዙ ነዳጅ በቆጠብን ነበር። የተመጠጠውን አየር ግን ወዲያው ሌላ አየር ይተካዋል፤ እንዲያውም ንብርብሩ ሲሳሳ በዚያው ቦታ የገጹ ሰበቃ ይጨምራል። ትርፉ የሚገኘው ፍሰቱ ሳይናወጥ ረግቶ የሚሄድበትን ርቀት በማስረዘም ነው፤ የነውጠኛ ፍሰት ሰበቃ ከረጋው በብዙ ይበልጣልና።

የክንፉ ማዘንበል የሚያመጣውን ጣጣ ለመረዳት በተራራ ጎን አግድም የሚነዳ መንጋን ማሰብ ይበቃል። ተዳፋቱ ለሁሉም አንድ ቢሆንም ፈጣኖቹ መንገዳቸውን ይዘው ሲያልፉ የዘገዩት ወደ ታች ይንሸራተታሉ። በንብርብሩ ውስጥም የግፊቱ ልዩነት ከላይ እስከ ታች ያው ነው፤ ከገጹ አጠገብ የዘገየው አየር ግን ይበልጥ ወደ ጎን ይጣመማል። ይህ የጎን ፍሰት ከፊተኛው ጠርዝ ብዙ ሳይርቅ ጥቃቅን አዙሪቶችን ይፈጥርና መንጋውን ያደናብራል። መምጠጥ ማለት እንግዲህ መንጋው ሳይደናበር ከሚንሸራተቱት ጥቂቶቹን ማውጣት ነው፤ ከተደናበረ በኋላ የሚደርስ እረኛ ብዙ አይረባም።

የመጠኑን ነገር በቦይንግ 757 ላይ እ.ኤ.አ. በ1990 እና 1991 የተደረገው የበረራ ሙከራ በግልጽ ያሳያል። አየሩ የተመጠጠው ከፊተኛው ጠርዝ እስከ ፊተኛው ስፓር (በክንፉ ውስጥ ከሥሩ ወደ ጫፉ የሚዘልቅ ተሸካሚ ምሰሶ) ባለው ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ፍሰቱ ግን እስከ ክንፉ ወርድ 65 በመቶ ድረስ ረግቶ ቆይቷል፤ ያስፈለገውም የመምጠጥ መጠን በዲዛይን ከተገመተው ሲሶ ገደማ ነበር። ከዚያ በላይ መምጠጥ የፓምፑን ኃይል ያባክናል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ፊተኛው ጠርዝ ራሱ ንጹሕ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 መብረር በጀመረው የሙከራ አውሮፕላን ኖርዝሮፕ ኤክስ-21ኤ ላይ እንደታየው፣ ከአውሮፕላኑ አካል የሚነሳ ነውጥ በጠርዙ ላይ እየተሳበ ክንፉን ሊበክል ይችላል። በመነሻ ወቅት የሚጣበቁ ነፍሳት ሌላው ችግር ናቸው፤ «አብዝቶ መምጠጥ ይሻላል» የሚለው ሰው የማያስበው ደግሞ፣ ንብርብሩ በሳሳ መጠን የአንዲት ትንኝ ቅሪት የምታስከትለው ነውጥ እንደሚከፋ ነው።