የሰደድ እሳት ስጋትን ከአየር ሁኔታ መገመት፤ የወሎ ደጋዎች

የሰደድ እሳት ስጋት ግመታ፣ እሳት ቢነሳ በምን ፍጥነትና ኃይል ሊዛመት እንደሚችል ከአየር ሁኔታ ተነስቶ አስቀድሞ ማስላት ነው። እሳቱን ማን እንደሚለኩስ አይናገርም። ከከሰል አክሳይ ወይም ከማር ቆራጭ እጅ ያመለጠ ፍም የት ሊደርስ እንደሚችል ግን ያመለክታል።

በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት ስሌት በካናዳ የተቀመረው ሲሆን፣ የሚጠይቀው አራት ልኬት ብቻ ነው፦ ሙቀት፣ አንጻራዊ እርጥበት፣ የነፋስ ፍጥነትና ያለፉት 24 ሰዓታት ዝናብ። የሚለካው እኩለ ቀን፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ውጤቱ የሚያሳየው ግን 10 ሰዓት አካባቢ የሚጠበቀውን የከፋ ሁኔታ ነው። ደረቅ ሣርና የረገፈ ቅጠል በአንድ ቀን ውስጥ ይደርቃል። ከሥሩ ያለው ብስባሽ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ የታችኛው ንብርብር ደግሞ ከ50 ቀን በላይ ይፈጅበታል። 1 ሚሊ ሜትር ካፊያ የላዩን ሣር ያርሳል እንጂ ለሁለቱ ንብርብሮች ከቁጥር አይገባም፤ ለታችኛው ከ2.8 ሚሊ ሜትር በላይ መዝነብ አለበት። ካፊያ ጥሎ አለፈ ብሎ ጥበቃን ማላላት የሚያስጠይቀው ለዚህ ነው።

ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲበልጥ፣ እርጥበቱ ከ30 በመቶ ሲያንስ፣ ነፋሱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ተጠንቀቁ የሚል የተለመደ መመዘኛም አለ። በላስታው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ወይም በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ፓርክ ከፍታዎች ግን ሙቀቱን መጠበቅ ያዘናጋል። እዚያ ሣሩን የሚያደርቀው ፀሐይ ብቻ ሳይሆን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ጭምር ነው። ጓሳው ገርጥቶ በእጅ ሲጨብጡት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ፣ ሰዉ ጋቢ ደርቦ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ስጋቱ ከፍተኛ ነው። አስታ የተባለው የደጋ ቁጥቋጦ ደግሞ እርጥብ ሳለም ይነዳል።

ወሎ በልግ አብቃይ መሆኑ ነገሩን ይወስነዋል። የየካቲትና የመጋቢት ዝናብ በወቅቱ ከጣለ የበጋው ድርቀት ይቋረጣል፤ ከዘገየ ግን ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ የተጠራቀመው ድርቀት ወደ ጥልቁ ንብርብር ይዘልቃል፤ እሳቱም ከላይ ጠፍቶ ከሥር ይጨሳል።

ሌላው ችግር ልኬቱ የሚወሰድበት ቦታ ነው። የኮምቦልቻ ጣቢያ ያለው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ የደጋውን ነፋስና ውርጭ አያይም። ተዳፋቱም ከስሌቱ ውጭ ነው፤ በየ10 ዲግሪው አቀበት የእሳቱ ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። ሳተላይት የሚጠቁመው የተነሳውን እሳት ነው። ስለዚህ በየፓርኩ የጥበቃ ጣቢያ የዝናብ መለኪያና የእርጥበት ቴርሞሜትር መትከል፣ በየቀኑ 6 ሰዓት ላይም መመዝገብ ከሁሉ መቅደም ያለበት ሥራ ነው።