ባለ ወፍራም መንቁሩ ቁራ ምንድን ነው?

በወሎ ደጋ ከጣሪያ ላይም ሆነ ከገበያ ዳር የሚታየውን ጥቁር ወፍ ሁሉ በጅምላ ቁራ ብለን ብንጠራውም፣ ከማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ መንቁሩም ከጭንቅላቱ የሚረዝመው ትልቁ ቁራ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኮርቩስ ክራሲሮስትሪስ ሲሆን፣ ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1836 እ.ኤ.አ. ነው። ቁመቱ ከ60 እስከ 64 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭም እምብዛም አይገኝም።

የቁራ ቤተሰብ ሰፊ ነው። በአውሮፓና በእስያ ጫካ የሚኖረው ባለ ቀለሙ ጄይ የዚሁ ቤተሰብ አባል ቢሆንም፣ ኑሮው ከኦክ ዛፍ ጋር የተቆራኘ ነው፤ ፍሬውን መሬት ውስጥ እየቀበረ ለብርዱ ወራት ያኖራል። የእኛው ቁራ ግን ከሰውና ከከብት ተጠግቶ ያገኘውን የሚበላ ወፍ ነው።

አመጋገቡ በቅርብ የሚታየው በግጦሽ መሬት ላይ ነው። ከእበቱ አጠገብ ቆሞ ጎበጥ ያለውንና ከጎንና ከጎን ጠበብ ያለውን መንቁሩን፣ አጫጅ ማጭዱን እንደሚያወዛውዝ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየጠረገ እበቱን ይበትነዋል፤ ከሥሩ የሚወጣውን የጢንዚዛ እጭም ይለቅማል። ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር የሚረዝመው መንቁር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። እበቱ ለኩበት ተለቅሞ በሚያልቅበት አካባቢ ይህ ገበታ መሳሳቱ አይቀርም፤ ቁራው ግን በአንድ ምግብ የሚወሰን ስላልሆነ ወደ ጥንብ፣ ወደ ቄራ ትርፍራፊና ወደ መንደር ጥራጊ ይዞራል። ከኖኅ መርከብ ወጥቶ ሳይመለስ የቀረው ጥንብ አግኝቶ ነው መባሉና ልኮት የቀረ ሰው «የቁራ መልእክተኛ» መሰኘቱ፣ ጥንብ መውደዱን የድሮ ሰው አጥርቶ ማወቁን ያሳያል።

መኖሪያው በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር ጀምሮ እስከ 4,000 ሜትር ግድም ያለው ተራራና አምባ ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው ደሴ በዚህ ክልል መካከል ትገኛለች፤ የቦረና ሳይንት የአስታ ቁጥቋጦና የጓሳ ሣር፣ ወደ ላስታ በኩል ደግሞ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ተዳፋት ለእንዲህ ያለው ወፍ የሚስማሙ ቦታዎች ናቸው። ጎጆውን ከጭራሮ ሠርቶ በዛፍ ወይም በገደል ላይ ያኖራል። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ የግድ አያስፈልገውም፤ ገደል፣ ግጦሽና መንደር ተቀራርበው የሚገኙበት የወሎ ደጋ ይበቃዋል።

ከሌሎቹ ጋር እንዳይምታታ ነጩን ቦታ መመልከት ይበጃል፦ ደረቱ ነጭ የሆነው ሌላ ቁራ ነው፤ ጅራተ አጭሩና ገደል ወዳዱ ቁራ ደግሞ ነጭ የሚባል ነገር የለውም። ባለ ወፍራም መንቁሩ ነጭነቱ በማጅራቱና በመንቁሩ ጫፍ ላይ ብቻ ነው።