ድቅል ጥጥ ምንድን ነው? በቅሎ ነው እንዴ?

«ድቅል ጥጥ እንደ በቅሎ መካን ነው፤ ዘሩ አይበቅልም» ብሎ የጻፈ ሰው አየሁ። ይህን ስሰማ ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ። ጎጃሜ ፊት በቅሎ ከተነሳችማ እናውራት።

ነገሩን ያወሳሰበው «ዝርያ» የሚለው ቃላችን ነው። የአዊን ፈረስ ከሌላ አገር ፈረስ ብታዳቅል የሚወለደው ያው ፈረስ ነው። አህያና ፈረስ ብታዳቅል በቅሎ ነች። እኛ ሁለቱንም «ዝርያ ማዳቀል» እንላለን።

ዓለም በብዛት የሚያመርተው ጥጥ ሂርሱተም ይባላል። ምርቱ ጥሩ፣ ጭረቱ (ክር የሚሆነው ቃጫው) መካከለኛ። እነ ረጅሙ የግብፅ ጥጥ ደግሞ ባርባደንስ ናቸው። ጭረታቸው ረጅም፣ ቀጭንና ጠንካራ ነው። ሁለቱም 52 ክሮሞዞም (በሴል ውስጥ ያለ የዘር መረጃ ተሸካሚ) ስላላቸው ይዋለዳሉ። ህንዶች ቫራላክስሚ የተባለውን ድቅል በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጡት ከነዚሁ ነው።

የዚህ ድቅል ዘር፣ ወንድሜ፣ ይበቅላል! ጣጣውም መብቀሉ ነው። ገበሬው ዘሩን አስቀርቶ ቢዘራው የድቅሉ ልጆች ይለያያሉ። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ፍሬ እንኳ በቅጡ የማይዝ። ያንን ባንድ ጆንያ ይዘህላት ብትሄድ ፈታይ ትረግምሃለች።

እውነተኛዋ በቅሎ ሌላ ናት። አርቦሪየም የሚባለው የእስያ ጥጥ 26 ክሮሞዞም አለው። ከሂርሱተም ጋር ሲዳቀል ልጁ 39 ይይዛል። ጎዶሎው ክሮሞዞም ጥንድ ስለማያገኝ መካን ነው። እዚህ ላይ አስተያየት ሰጪው ልክ ነው፣ ግን ለአፍታ ብቻ። ኮልቺሲን በሚባል ኬሚካል ክሮሞዞሙ በእጥፍ 78 ይደረጋል። ያኔ በቅሎዋ ትወልዳለች! ከዚያ ልጆቿን ደጋግሞ ከሂርሱተም ጋር መልሶ ማዳቀል፣ በየትውልዱም መምረጥ ነው። ዓመታት ይፈጃል። ቱርበሪ የሚባለው የዱር ጥጥ ለራሱ የሚፈተል ነገር የለውም። ለአሜሪካ ጥጥ ጥንካሬ ግን በዚህ መንገድ አስተዋጽኦ አድርጓል።

ደግሞ ድቅል ሁሉ ልውጥ (ዘረ መሉ በቤተ ሙከራ የተቀየረ) አይደለም። በ2010 ዓ.ም. አገራችን የፈቀደቻቸው ቢቲ ጥጦች (ትል እንዲቋቋሙ የባክቴሪያ ዘረ መል የገባባቸው) ድቅልም ልውጥም ስለነበሩ ነው የተምታታው።

እናቴ ደጀን ገበያ ጥጥ ስትገዛ ቁንጥር ታነሳለች። በሁለት አውራ ጣቶቿ መሀል ቀስ አድርጋ ትስበዋለች። ቶሎ ከተበጠሰ ታልፈዋለች። ርዝመትና ጥንካሬ ማለት ይኸው ነው። ሳልጠየቅ አንድ ልጨምር፦ ረጅም ጥጥ በመጋዝ መዳመጫ ማሽን ከገባ ይቆራረጣል። በድንጋይ ላይ የሚንከባለለው የናቴ ብረት ግን አይቆርጠውም።