ተራው ሰው ድምፅ ሲያገኝ፦ የጃክሰን ዘመን ዲሞክራሲና የሰሜን–ደቡብ ሽኩቻ

በአሜሪካ ታሪክ ከ1820ዎቹ እስከ 1840ዎቹ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ በፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ስም «የጃክሰን ዘመን» ይባላል። (እዚህ ያሉት ዘመኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ ጊዜ መሬትና ሀብት የሌለው ነጭ ወንድ የመምረጥ መብት አገኘ። ፖለቲካም ከጥቂት ባለጠጎች እጅ ወጥቶ አደባባይ ዋለ። በዚያው ዘመን ሰሜንና ደቡብ በታሪፍ (ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ በሚጣል ቀረጥ)፣ በመሬትና በባርነት መካረር ጀመሩ። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ታሪኮች ለየብቻ ይተረካሉ። እኔ ግን ተነጣጥለው የሚገቡን አይመስለኝም። የሕዝብ ነኝ ያለው የጃክሰን ዲሞክራቲክ ፓርቲ ሰሜንና ደቡብን አንድ ላይ ይዞ የቆየው ስለ ባርነት እንዳይወራ በማድረግ ነው።

አገሪቱ ስትመሠረት በአብዛኞቹ ግዛቶች ለመምረጥ ንብረት ማፍራት ወይም ግብር መክፈል ግድ ነበር። በምዕራብ በኩል አዳዲስ ግዛቶች ሲጨመሩ ደንቡ እየላላ መጣ፤ ነባሮቹም ተከተሉ። ፕሬዚዳንት የሚመርጡትን ወኪሎች የሚሰይመው አካልም ተቀየረ። በ1824 ከ24ቱ ግዛቶች በ6ቱ ይህን የሚያደርገው የግዛቱ ምክር ቤት ነበር። በ1832 ግን በዚህ አሠራር የቀጠለችው ሳውዝ ካሮላይና ብቻ ናት። ይህችን ግዛት ልብ በሏት። የመራጩም ብዛት አሻቀበ። በ1824 ለምርጫ የወጣው መምረጥ ከሚችለው ሩብ ያህሉ ነበር፤ በ1828 ከግማሽ በላይ ሆነ፤ በ1840 ደግሞ 80 በመቶ ገደማ ደረሰ።

በሩ ግን ለሁሉም አልተከፈተም። እንዲያውም ተከፍቶላቸው የነበሩ ተዘጋባቸው። ኒውዮርክ በ1821 ለነጮች የንብረት መስፈርቱን ስታላላ፣ ጥቁር ወንድ ለመምረጥ የ250 ዶላር ንብረት እንዲኖረው ደነገገች። ኖርዝ ካሮላይና በ1835፣ ፔንስልቬንያ በ1838 ነፃ ጥቁሮችን ከነጭራሹ ከመራጭነት አስወጡ። ሴቶችንማ የቆጠራቸውም የለም። በዚያ ዘመን «ሕዝቡ» ሲባል ማን ማለት እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

አንድሩ ጃክሰን በ1767 ተወልዶ በልጅነቱ ወላጆቹን ያጣ ሰው ነው። ቴኔሲ ሄዶ ጠበቃ፣ የመሬት ነጋዴ፣ በኋላም ጄኔራል ሆነ። በጃንዋሪ 1815 ኒው ኦርሊንስ ላይ እንግሊዞችን ሲያሸንፍ ስሙ በአገሩ ሁሉ ገነነ። ከታች ተነስቶ ትልቅ ደረጃ የደረሰ ሰው ነውና ተራው ሰው ወደደው። ናሽቪል አጠገብ ባለው እርሻው ግን ብዙ ሰዎችን በባርነት ይዞ ያሠራ ነበር።

በ1824 አራት ሰዎች ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደሩ። ጃክሰን 99 የወኪል ድምፅ አገኘ፤ ጆን ኩዊንሲ አዳምስ 84፣ ዊልያም ክሮፎርድ 41፣ ሄንሪ ክሌይ 37። ከግማሽ በላይ ያገኘ ስላልነበረ ጉዳዩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሄደ። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ክሌይ አዳምስን ደገፈ። አዳምስ አሸነፈና ክሌይን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አደረገው። የጃክሰን ሰዎች «ድምፃችን ተሰረቀ» ብለው ተነሱ፤ አራት ዓመት ሙሉም ይህንኑ ሲናገሩ ከረሙ። በ1828 ጃክሰን 178 ለ83 አሸነፈ።

ከዚህ ድል በስተጀርባ የኒውዮርኩ ማርቲን ቫን ቢዩረን አለ። በ1820 ስለ ሚዙሪ የተነሳው ጭቅጭቅ አስደንግጦታል። ያኔ ሚዙሪ ባርነት እንደተፈቀደባት፣ ሜይን ነፃ ሆና ገቡ፤ ከፈረንሳይ በተገዛው በተቀረው የሉዊዚያና መሬትም ከ36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ መስመር በላይ ባርነት እንዲከለከል ተስማምተው ነገሩን አበረዱት። ቫን ቢዩረን በ1827 ለቨርጂኒያው ጋዜጠኛ ቶማስ ሪቺ በጻፈው ደብዳቤ ሐሳቡን ገለጠ። የደቡብ ባለ እርሻዎችና የሰሜን ተራ ሪፐብሊካኖች (የዛሬው ሪፐብሊካን ፓርቲ አይደለም) በአንድ ፓርቲ ይታሰሩ፤ ይህ ካልሆነ ባርነት ያለባቸውና የሌለባቸው ግዛቶች በጥላቻ ይፋጠጣሉ አለ። ዲሞክራቲክ ፓርቲ የተገነባው በዚህ ስሌት ነው። ስለ ባርነት ሆድ ይፍጀው ተባለ።

ማርች 4 ቀን 1829 ጃክሰን ቃለ መሐላ ሲፈጽም ሕዝቡ ተከትሎት ዋይት ሀውስ ገባ። ጭቃ በጫማቸው እንደያዙ ወንበር ላይ ወጥተው ቆሙ። ብርጭቆና ሳህን ተሰባበረ። ፕሬዚዳንቱን ከግፊያው አውጥተው አሸሹት፤ መጠጡን በገንዳ ወደ ውጭ ሲያወጡት ነው ሰዉ ተከትሎ የወጣው። የድሮዎቹ ሹማምንት ደነገጡ። ያ ሕዝብ ግን ቤቱ የራሱ እንደሆነ ተሰምቶት የገባ ነው፤ ይህ ስሜት የዘመኑ እውነተኛ ጉልበት ነበር።

ጃክሰን ይህን ጉልበት በባንኩ ላይ አዞረው። በ1832 ኮንግረስ የዩናይትድ ስቴትስ ባንክን ፈቃድ ለማደስ ያወጣውን ሕግ ውድቅ አደረገ፤ የሀብታሞች መጠቀሚያ ነው አለ። ሕዝቡም በዚያው ዓመት መልሶ መረጠው።

ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑት የቼሮኪዎች ጉዳይ ግን በአጭሩ የሚታለፍ አይደለም። ቼሮኪዎች ሕገ መንግሥትና ጋዜጣ ነበራቸው። ሴኮያ የተባለው ሰው ለቋንቋቸው በ1821 ያዘጋጀው ፊደል ልክ እንደኛ አንድ ምልክት ለአንድ ድምፅ ቅንጣት የቆመበት ነበር፤ ሕዝቡም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማንበብ ተማረ። የጆርጂያ ነጮች መሬታቸውን ለጥጥ ፈለጉት። በ1830 ነባር ሕዝቦችን ወደ ምዕራብ የሚያዛውረው የማስወገጃ ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት 102 ለ97 አለፈ። በ1832 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪዎች ምድር አይሠራም ብሎ ፈረደ፤ ሆኖም ፍርዱን ያስከበረላቸው የለም። በ1838 ወታደር ከቤታቸው አውጥቶ ወደ ምዕራብ ነዳቸው። 4,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል። መሬቱ ላይ ጥጥ ተዘራ፤ ከጥጡ ጋርም ባርነት ሰፋ።

አሁን ወደ ሳውዝ ካሮላይና እንመለስ። የ1828ቱ ታሪፍ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። የሰሜን ፋብሪካዎች ተጠቀሙ፤ ጥጥ ሸጦ ዕቃ የሚሸምተው ደቡብ ግን ተቆጣ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጆን ካልሁን ስሙን ሳይገልጥ አንድ ጽሑፍ ጻፈ፦ አንድ ግዛት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ያለውን የፌዴራል ሕግ በምድሩ ላይ ሊሽር ይችላል የሚል። ኤፕሪል 13 ቀን 1830 በቀድሞው ፕሬዚዳንት በጄፈርሰን መታሰቢያ ግብዣ ላይ እሱና ጃክሰን በአንድ አዳራሽ ተገናኙ። ጃክሰን ጽዋ አንስቶ «ፌዴራላዊ አንድነታችን መጠበቅ አለበት» አለ። ካልሁን ተራው ሲደርስ አንድነታችን ከነፃነታችን ቀጥሎ የተወደደ ነው ሲል መለሰ። በአዳራሹ ለነበረ ሰው ጠቡ ይፋ ወጣ።

በኖቬምበር 1832 የግዛቱ ጉባኤ ታሪፎቹን ከፌብሩዋሪ 1833 ጀምሮ ሽረናል አለ፤ መንግሥት በኃይል ቢመጣብን ከኅብረቱ እንወጣለን ሲልም ዛተ። ጃክሰን በዲሴምበር 10 ባወጣው አዋጅ የጦር መሣሪያ አንስቶ ከኅብረቱ መውጣት ክህደት ነው አለ። ካልሁን ከምክትልነቱ ለቆ ሴኔት ገባ። በመጨረሻ ክሌይ አስታራቂ ሐሳብ አመጣ። ታሪፉ ቀስ በቀስ እንዲወርድ የሚያደርግ ሕግና ፕሬዚዳንቱ ጦር እንዲጠቀም የሚፈቅድ ሕግ በማርች 1833 አብረው ወጡ። ሁለቱም ወገን አሸነፍኩ ብሎ ሄደ።

የጠቡ ሥር ታሪፉ ብቻ አልነበረም። በሳውዝ ካሮላይና በባርነት የተያዙት ሰዎች ከነጮቹ ይበዙ ነበር። በ1822 ዴንማርክ ቬሲ አመፅ ሊያስነሳ ነበር ተብሎ ቻርልስተን ውስጥ ከብዙ ሰዎች ጋር ተሰቅሏል። ባለ እርሻዎቹ ዛሬ ታሪፍ የሚጭንብን ኮንግረስ ነገ ባርነትን ይነካል ብለው ሰጉ። ካልሁን ራሱ በ1830 በጻፈው ደብዳቤ ታሪፉ ሰበብ እንጂ ዋናው ምክንያት እንዳልሆነ አምኗል። ጃክሰንም በ1833 የሚቀጥለው ሰበብ የባርነት ጉዳይ ይሆናል ብሎ ጽፏል።

ያ ሰበብ ለመምጣት ሁለት ዓመት ብቻ ነው የፈጀበት። በጁላይ 1835 ባርነትን የሚቃወሙ ሰዎች በፖስታ የላኩትን ጽሑፍ ቻርልስተን ላይ ነጮች አውጥተው በአደባባይ አቃጠሉት። ለሳውዝ ካሮላይና ጦር አዘጋጅቶ የነበረው ጃክሰን በዚህ ጊዜ ወደ እሷው አዘነበለ፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍ በደቡብ በፖስታ እንዳይሰራጭ ሕግ ይውጣ ብሎ ኮንግረስን ጠየቀ። ኮንግረስ ይህን አላጸደቀም። በ1836 ግን የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ባርነት የሚቀርብ አቤቱታ ሁሉ ሳይነበብና ሳይመከርበት እንዲቀመጥ ወሰነ። ይህን የአፍ መዝጊያ ደንብ እስከ 1844 የታገለው በ1828 የተሸነፈው አዳምስ ነው። ከፕሬዚዳንትነት በኋላ ተራ ተወካይ ሆኖ ተመልሷል። ሽማግሌው አቤቱታዎቹን ይዞ ይነሳል፣ ይጮኹበታል፣ ቁጭ በል ይሉታል፣ እንደገና ይነሳል። በዚያ ዘመን ካሉት ሰዎች ሁሉ በጣም የማከብረው እሱን ነው። ዝም በል የተባለ ሰሜናዊም ነገሩ የባሪያዎቹ ብቻ ሳይሆን የእኔም የመናገር መብት ነው ማለት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ አልታፈነም። ቫን ቢዩረን በ1844 ባርነት ያለባትን ቴክሳስን መጠቅለል በመቃወሙ በራሱ ፓርቲ ዕጩነት ተነፈገ። በ1848 ባርነት ወደ አዳዲስ ግዛቶች እንዳይስፋፋ ለሚታገለው ለነፃ መሬት ፓርቲ ቆመና ከመራጩ ድምፅ 10 በመቶ ገደማ አገኘ። ሰሜንና ደቡብን በፓርቲ ያሰረው ሰው ራሱ ማሰሪያውን ፈታ። በኤፕሪል 1860 ዲሞክራቶች ዕጩ ለመምረጥ ቻርልስተን ተሰብስበው በባርነት ጉዳይ ለሁለት ተሰነጠቁ። በኖቬምበር የባርነትን መስፋፋት የሚቃወመው አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በዲሴምበር 20 ሳውዝ ካሮላይና ከኅብረቱ ወጣሁ አለች። ሊንከን ስፕሪንግፊልድ ውስጥ የሹመት ንግግሩን ለማርቀቅ ሲቀመጥ አጠገቡ ካስመጣቸው ጥቂት ጽሑፎች አንዱ የጃክሰን የ1832 አዋጅ ነበር።